የጎረቤቴ ምሳ ዕቃ

ወተት ሳላሸት ገዝቼ አላውቅም። ሰው «እንዴት ዋልሽ» ሲለኝ እንኳ ደህና መዋሌ ምን ሊጠቅመው ነው ብዬ አስባለሁ። አንዳንዱ አብሮኝ የተወለደ ባሕርይ ነው ይላል። እኔ ግን ከሥራዬ የመጣ ነው እላለሁ። አቃቂ ውስጥ አንድ ክር ፋብሪካ ውስጥ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ ያውም ጥራት ቁጥጥር ክፍል። ክሩን ወደ ብርሃን ዘርግቼ ቋጠሮውን፣ የሳሳውን፣ ጉድፍ የያዘውን እፈልግ ነበር። ሰው ደሞዝ የሚከፈለው ሠርቶ ነው፤ እኔ ግን የሚከፈለኝ ባለማመን ነበር። ጡረታ ስወጣ ሽርጤን አስረከብኩ፤ ዓይኔን ግን ይዤው ወጣሁ።

ስለዚህ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በግድግዳ የምትዋሰነኝ ጎረቤቴ ደጃፌ ላይ ቆማ፣ «ነገ እሱ ጋ ትሄጃለሽ አይደል? ቋንታ ፍርፍር ልሥራለትና ውሰጂልኝ» ስትለኝ፣ ይህች ሴት ምን ፈልጋ ነው አልኩ በልቤ።

«እሱ» ያለችው ታናሽ ወንድሜን ነው። እናታችን ስትሞት ገና ሕፃን ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ከሱ በቀር ወገን የለኝም። ባጃጅ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን አቃቂ በሰቃ፣ ባጃጆቹ ወረፋ የሚይዙበት ቦታ ላይ፣ ተራዬን ቀማኸኝ በሚል ከሌላ ሹፌር ጋር ተጣላ። ድንጋይ ተወረወረ፤ ሰውዬው ጭንቅላቱን ተፈንክቶ ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ተኛ። ጎረቤቴ ደግሞ እዚያው አጠገብ ጉልት ላይ ተቀምጣ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ሁሉንም አይታለች። እርግጥ እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ አይቷል። ፖሊስ ሲጠይቅ ግን አንዱ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር አለ፣ ሌላው ስልክ እያወራሁ ነበር አለ። እሷ ብቻ «አይቻለሁ» አለች። ፍርድ ቤት ቀርባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ምላ፣ «መጀመሪያ የወረወረው እሱ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ጭው አለ።

ዋሸች እንዳላልኩ ልብ በሉልኝ። ወንድሜ ግልፍተኛ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቅያሜዬ ሌላ ነበር። በአንድ ቧንቧ የምንቀዳ፣ በአንድ ማድ ቤት የምናበስል ሰዎች ነን። ማድ ቤቱን ለሁለት የሚከፍለው አንድ አሮጌ ቆርቆሮ ብቻ ነው። እኔ የማታ ፈረቃ ስገባ ያንን ልጅ እራት ታበላው የነበረችው እሷ ናት። «አላየሁም» ብትል ማን ይፈርድባታል? አንዲት ቃል ናት። ያቺን አንዲት ቃል ነፍጋ ልጄን አሳሰረችው እያልኩ አንጀቴ ሲቃጠል ኖረ።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ተዘጋ። ቧንቧው ጋ ስንገናኝ እሷ «እንዴት አደርሽ» ትላለች፣ እኔ ባልዲዬን አያለሁ። ልብስ ካሰጣች የኔን ከገመዱ ላይ አወርዳለሁ። የቤቷን በር ስትከፍት ድምፁን እያዳመጥኩ ዛሬ ቶሎ ገባች፣ ዛሬ አመሸች፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው እላለሁ። አንድን ሰው አጥብቀሽ ከጠላሽ ከዘመድሽ በላይ ስለ እሱ ማወቅሽ አይቀርም። በየትኛው ቀን ጎመን እንደምታበስል ጭምር አውቅ ነበር።

ንስሐ አባቴ ጉዳዩን ያውቁታል። ጸበል ሊረጩ በመጡ ቁጥር አንዱን ግቢ ሁለት ጊዜ መባረክ ሰልችቷቸዋል።

«ልጄ፣ ይቅር በያት» አሉኝ አንድ ቀን።

«ይቅር ብያታለሁ አባ። አላምናትም እንጂ።»

«እንዴት ነው ነገሩ?»

«ይቅርታው ለእግዚአብሔር ብዬ ነው። ማመኑ ግን የራሴ ስለሆነ ለሷ አልሰጣትም።»

«እንግዲህ ያንቺንም ንስሐ እግዚአብሔር እንደዚያው እያሸተተ ይቀበልልሽ» አሉና መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ። ወተት የማሸት መሆኔን ማን ነገራቸው ብዬ እስኪመሽ ስጠረጥር ዋልኩ። መቁረብ እንደማይፈቅዱልኝ ገብቶኛል። እኔም ብሆን ሳላውቀው አልቀረሁም፤ ማታ «አባታችን ሆይ» ስደግም ያቺ የይቅርታዋ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ሳል ይይዘኝ ነበር።

ነገሩ እስከ መቃብር በዚሁ ይቀጥል ነበር፣ ወንድሜ ባይሆን። በአመክሮ ሊፈታ ተቃርቧል ተባለ። ደስታዬን ምኑን ልንገራችሁ! ክፍሉን ቀለም አስቀባሁ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣሁ፣ ለአቀባበሉ ዳቦ ቆሎ መቁላት ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ ልጠይቀው ቃሊቲ ስሄድ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ከሽቦው ወዲያ ቆሞ አንገቱን ደፋ።

«እታለም፣ እኔ እዚያ ግቢ አልመጣም» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«አንቺና እሷ እንዲህ እንደሆናችሁ አልመጣም። ሐዋሳ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፣ እሱ ጋ እሄዳለሁ።»

«እኔ ምን አደረግኳት? አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣኝም።»

«ዝምታሽን አላውቀውም? በዚያ ግድግዳ መሃል አልኖርም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሆነ ነገር ከላከችልኝ እንዳትመልሺባት» አለኝ።

ወደ ቤት የሚመልሰኝ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ዓመታት የጠበቅኩት ልጅ ከእስር ቤት ወጥቶ በቤቴ በር ሊያልፍ ነው። ቢሆንም እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሌላ ጥያቄ ይበላኝ ጀመር። ልትልክለት እንደምትችል ከየት አወቀ? ማን ከማን ጋር ነው የሚነጋገረው?

እና ዓርብ ከሰዓት ስለ ቋንታው ስትጠይቀኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። «ሥሪ» አልኳት። ከፍርድ ቤቱ ወዲህ የተናገርኳት የመጀመሪያዋ ቃል እሷ ነበረች። በሩን ዘግቼ መጠርጠሬን ቀጠልኩ። ሊፈታ መሆኑን ሰምታ ፈርታ ይሆናል፤ በምግብ ልታባብለው ነው። ወይም ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በሰው ወጥ ውስጥ ስለሚጨመር መርዝ የሚወራውን ሁላችንም እንሰማለን። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ሦስተኛው ነበር፤ ምግቧን ተቀብለዋል፣ እንግዲህ ታርቀናል ብላ ለመንደሩ ልታወራ ነው። ይቅርታ ሳትጠይቅ በአንድ ምሳ ዕቃ ልታልፍ!

ቅዳሜ ጠዋት ስትነሳ ሰማኋትና እኔም ተነሳሁ። ቆርቆሮው ላይ ሚስማር የለቀቃቸው ቀዳዳዎች አሉ። አንዱ ላይ ዓይኔን ለጥፌ ማየት ጀመርኩ። እጇን ታጠበች፣ ድስቱን ወለወለች፣ ሽንኩርቱን ከተፈች፣ ዘይት ጠብ አደረገች። በርበሬውን ስታቁላላ አስነጥሶኝ አፍንጫዬን በነጠላዬ አፈንኩ። ቋንታውን ጨመረች፣ ቅቤ ጣል አደረገች። ከዚያ ግራ ቀኝ አየችና ከጉያዋ ትንሽ የተቋጠረች ፌስታል አወጣች። ፈታቻት። በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ በተነች፣ መልሳ ቋጥራ ጉያዋ ከተተች። ይኸው፣ አልኩ በልቤ። ይኸው! የፈለግኩትን ቋጠሮ አገኘሁ።

እንጀራውን ፈትፍታ፣ ምሳ ዕቃው ውስጥ ጠቅጥቃ፣ በንጹሕ ጨርቅ አስራ ሰጠችኝ። «ትኩስ ሳለ ቢደርስለት» አለች። ተቀበልኳት። ለወንድሜ የማበላው ሞኝ ብሆን ነው። ሐሳቤ ሌላ ነበር፤ በር ላይ ምግብ ሁሉ ይፈተሻል፤ ያለበትን ነገር ፍተሻው ራሱ ያውጣው፤ እኔ እጄ ንጹሕ ነው። በዚያ ላይ ወንድሜን «አምጥቼልህ ነበር፣ እነሱ ናቸው የከለከሉት» እለዋለሁ። እንዲህ አስቤ እንደ ብልህ ሴት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

የረሳሁትን ነገር ስነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። እዚያ በር ላይ ምግብ የሚፈተሸው በማሽን አይደለም። የሚፈተሸው ባመጣው ሰው አፍ ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከራሴ ወጥ አንዳንድ ጉርሻ ስቀምስ ኖሬያለሁ፤ ከመልመዴ የተነሳ ፍተሻ መሆኑ ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር።

ሴቶቹን የምትፈትሸው ወጣት ዋርዲያ ታውቀኛለች። የራሴን ጥብስ ከፈትኩ፣ ጎረስኩ። ቀጥላ የጎረቤቴን ጨርቅ ፈታችና ክዳኑን አነሳች።

«ይቺንም ይቅመሱ፣ እናቴ።»

«እሱ ይቅር» አልኳት።

«እንዴት ይቅር?»

«ጾም ላይ ነኝ።»

አፌ ያመጣልኝ ይህንኑ ነው። አንገቷ ላይ ማተብ ማየቴም ከተናገርኩ በኋላ ነበር።

«በቅዳሜ የምን ጾም ነው? ደግሞ ጥብሱን ገና እያላመጡ አይደል እንዴ!»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። በደንብ አውቀዋለሁ ያንን ፊት፤ ወተት ሳሸት የኔ ፊት እንደዚያ ነው። ምሳ ዕቃውን ከፊቴ ሳብ አድርጋ «እርስዎ የማይቀምሱትን ለእስረኛ ሊያስገቡ ነው?» አለችና ኃላፊዋን ጠራች። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠረጥር ኖሬ ያን ቀን ተጠርጣሪዋ እኔ ሆንኩ።

ኃላፊው ሽበት የጣለበት ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ማን ነው የሠራው?» አለኝ።

«ጎረቤቴ ናት።»

«ለምን አይቀምሱትም?»

«አላምናትም።»

«ጠብ አላችሁ?»

«ወንድሜ ላይ የመሰከረችበት እሷ ናት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እንዲያ ከሆነ ቀላል ነገር አይደለም። ይቀመጥና ሴትዮዋን እናስጠራታለን» አለ።

ደስ አለኝ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ በጣም ደስ አለኝ። ፖሊስ ጉልቷ ላይ ሲደርስ፣ ሽንኩርቷን እንደ ዘረጋች ስትነሳ፣ ባጃጆቹ ሁሉ ዞር ብለው ሲያዩዋት ታየኝ። እሷም ትየው፣ በሰው ፊት መቆም ምን እንደሆነ ትየው አልኩ። እንዲያውም ምሳ ዕቃዋን ይዤ የመጣሁት ለዚህ ኖሯል መሰለኝ።

«ሲሠራ አይተዋል?» አለኝ።

አላየሁም ልለው አፌን ከፈትኩ። ማን ይጠይቀኛል? ማንስ ያውቃል? አንዲት ቃል ናት። ከጎረቤቴ የጠበቅኳት፣ ስለ ነፈገችኝ የጠላኋት ያቺው ቃል እኮ ናት። ቃሏ ቀላል ናት እያልኩ ጎረቤቴን ስንት ጊዜ አምቻታለሁ! አሁን ምላሴ ላይ ሆና አልወጣ አለችኝ። ፋብሪካ ሳለሁ የተበላሸውን ክር ደህና ነው ብዬ አሳልፌ አላውቅም፤ ደህናውንም ተበላሽቷል ብዬ ጥዬ አላውቅም። ሰው ሁሉ ክፉ ሴት ቢለኝ እንኳ በዚህ አልታማም።

«አይቻለሁ» አልኩ።

«ምን ያህሉን?»

«ከሽንኩርቱ ጀምሮ።»

«አብረው ነበሩ?»

«አይ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ነው ያየሁት።»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። እሱም ከንፈሩን ነከስ አደረገ። «ምን ምን ጨመረችበት?» አለኝ። ተራ በተራ ነገርኩት፤ እጇን መታጠቧን፣ ድስቱን መወልወሏን እንኳ አልተውኩም። «ሌላስ?» አለኝ።

«ከጉያዋ ፌስታል አውጥታ ዱቄት ነገር ቆንጥራ ጨምራለች።»

ሳቁ ቆመ።

«የምን ዱቄት?»

«ኮረሪማ።»

«ኮረሪማ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ሸተተኝ። ማድ ቤቱን ሞልቶት ነበር።»

ይህን ስናገር እኔው ራሴ ገረመኝ። እውነትም ሸቶኛል። ገና ፌስታሉን ስትፈታ ነው የሸተተኝ። ኮረሪማ ውድ ስለሆነ እሷ በጉያዋ ነው የምትይዘው፤ ይህንንም አውቃለሁ። ጠዋት ግን ዓይኔን አምኜ አፍንጫዬን ዝም አሰኝቼው ነበር። ስንቱን ነገር እንዲህ ዝም አሰኝቼው እንደምኖር እንጃ።

«ታዲያ ምኑን ነው የሚፈሩት?» አለኝ ኃላፊው።

እጄን ሰድጄ ጎረስኩ። ሰዉ ሁሉ አፌን ያያል። አላመጥኩ፣ ዋጥኩ።

«ጨው በዝቶበታል» አልኩ።

«ይለፉ» አለኝ።

ወንድሜ የሆነውን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ገና ሲሸተው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቋንታ ፍርፍር አምሮኛል ብሎ የላከባት እሱ ራሱ መሆኑን ነገረኝ። ሊጠይቀው የመጣ የባጃጅ ጓደኛው ነው መልእክቱን ያደረሰላት። ያ ሁሉ ሴራ ብዬ ያደርኩበት ነገር የልጁ አምሮት ኖሯል።

«እታለም፣ ያን ቀን ፍርድ ቤት ዳኛው ቀጥሎ ምን እንዳላት ሰምተሻል?» አለኝ።

«አልሰማሁም። ጆሮዬ ጭው ብሎ ነበር።»

«ሊገድለው አስቦ ነው ወይ የወረወረው ብሎ ጠየቃት። እጁን እንጂ ልቡን አላየሁም አለችው። ያኛው ወገን አዎ እንድትል ነበር የሚፈልጋት። እሷ እንዲያ ባትል ኖሮ አሁንም የምወጣበትን አናውቀውም ነበር።» ጥቂት ጎርሶ ቀጠለ። «ድንጋዩን የወረወርኩት እኔ ነኝ፣ እታለም። እሷ አይደለችም።»

«ቢሆንም ዝም ብትል…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ሊበላ ነው፤ ይብላ አልኩ።

ስመለስ ባዶዋ ምሳ ዕቃ ጭኔ ላይ ነበረች። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ በጠብ መሃልም ቢሆን ነውር ነው። ቤት ገብቼ አጠብኳትና ለወንድሜ ከቆላሁት ዳቦ ቆሎ ሞላሁባት። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት፤ እንዲህ ስትለኝ እንዲህ እላታለሁ፣ እሷም ጥፋት አለባት፣ እሱንም እጠቅስላታለሁ። ገና የእሷን በር ሳንኳኳ እንኳ ግማሽ ልቤ ምን ዓይነት ፊት ታሳየኝ ይሆን እያለ ይጠራጠር ነበር።

መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ ቲማቲም ትለቅማለች፤ የፈረጠውን ወዲህ፣ ደህናውን ወዲያ። ስታየኝ ብድግ አለች።

«በላው?» አለችኝ።

«በላው። ጨው በዝቶበታል።»

«ሁልጊዜ ይበዛብኛል» አለችና ሳቀች።

ምሳ ዕቃዋን ዘረጋሁላት። ባዶ እንዳልሆነች በክብደቷ አወቀች መሰለኝ፣ ወዲያው ከፈተቻት። ያን ጊዜ እጄን ሰደድኩ። የእስር ቤቱ በር ፍተሻ ገና አልለቀቀኝም፤ እሷም ያን ሁሉ ጊዜ ባልዲዬን እያየሁ ያለፍኳት ሴት ናት፣ ብትጠረጥረኝ አይፈረድባትም፣ አንድ ሁለት ፍሬ ፊቷ ቀምሼ ላሳያት ብዬ ነበር። አልደረስኩም። አንድ ሙሉ እፍኝ ዘግና አፏ ውስጥ ከታዋለች። እጄ እንደ ተዘረጋ ቀረ።

«ምነው?» አለችኝ እያላመጠች።

«ልቀምስልሽ ነበር።»

«ለምን?»

ከልቧ ነው የምትጠይቀኝ። የኔ ዳቦ ቆሎ ውስጥ ክፉ ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው መኖሩን እንኳ አልጠረጠረችም። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «ይቅር በዪኝ» ከማለት በቀር የምመልስላት አጣሁ።